ቀይ የቡርጎኝ ወይን አቀማመስና አመዛዘን

ቀይ ቡርጎኝ፣ ማለትም በፈረንሳይ ከቡርጎኝ አካባቢ የሚመጣው ቀይ ወይን፣ ጠጪውን ግራ ያጋባል። ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ቀለሙ ግን ስስ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ሆኖ ከወዲያ ማዶ ያለውን ጣት አሳልፎ ያሳያል። ወፍራምና ጥቁር ቀይ ወይን የለመደ ሰው «ውሃ ውሃ ይላል» ይለዋል። በአክሱሚት አፉን የፈታ ደግሞ «ኮመጠጠኝ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ወይኑን በክብደቱና በጣፋጭነቱ ስለሚለኩት ነው። ይህ ወይን የሚለካው በመዓዛው ጥራት፣ በአፍ ውስጥ ባለው ልስላሴ፣ ከተዋጠ በኋላ በሚቆየው ጣዕምና ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ በሚያሳየው ለውጥ ነው። ለአንድ ጠርሙስ ሁለት ሰዓት ይመድቡ። በአሥር ደቂቃ የተፈረደበት ቡርጎኝ ብዙ ጊዜ በግፍ የተፈረደበት ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ

የቡርጎኝ ቀይ ወይን ከጥቂቱ በስተቀር ከአንድ የወይን ፍሬ ዝርያ ብቻ ይሠራል፤ ከፒኖ ኗር። ዝርያው አንድ በመሆኑ ልዩነቱን የሚያመጡት መሬቱ፣ የምርት ዓመቱና የሠሪው እጅ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከወይኑ ምን መጠበቅ እንዳለብዎት ይነግርዎታል፤ ፍርዱም የሚሰጠው ከዚያ አንጻር ነው። ተራው የ«ቡርጎኝ» ወይን ግራን ክሩ፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ፣ ስላልሆነ አይወቀስም፤ ግራን ክሩ ግን እንደ ተራ ቡርጎኝ ከጣመ ይወቀሳል።

ደረጃዎቹ አራት ናቸው። ከታች «ቡርጎኝ» ብቻ የሚለው የአካባቢ ወይን አለ። ከእሱ በላይ የመንደር ስም የያዘው ይመጣል፦ ቮልኔ፣ ፖማር፣ ሻምቦል-ሙዚኚ። ሦስተኛው ፕሬሚዬ ክሩ ነው፤ ከመንደሩ ስም ጋር ይህ ቃልና አብዛኛውን ጊዜ የማሳው ስም ይጻፍበታል። ግራን ክሩ የማሳውን ስም ብቻ ይይዛል፤ የመንደሩን ስም አይጨምርም። በመላው ቡርጎኝ ግራን ክሩዎቹ 33 ሲሆኑ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከዲዦን ወደ ደቡብ በሚወርደው የኮት ዶር ተዳፋት ላይ ናቸው። በተዳፋቱ ደቡባዊ ክፍል፣ በኮት ደ ቦን፣ ለቀይ ወይን ግራን ክሩ የሚባለው ኮርቶን ብቻ ነው።

ገዢ የሚወድቅበት አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ መንደሮች የታወቀውን ማሳቸውን ስም በራሳቸው ስም ላይ ቀጥለዋል። ዤቭሬ እ.ኤ.አ. በ1847 «ሻምበርታን»ን ጨምሮ ዤቭሬ-ሻምበርታን ሆነ። ስለዚህ «ዤቭሬ-ሻምበርታን» የመንደር ወይን ነው፤ «ሻምበርታን» ብቻ የሚለው ግራን ክሩ ነው። ሁለቱ በዋጋ አይገናኙም።

ደረጃውም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። የክሎ ደ ቩዦ ግራን ክሩ 50 ሄክታር ገደማ ሲሆን ወደ 80 የሚጠጉ ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። የላይኛው ክፍል ስስ አፈርና ውሃ የሚያሳልፍ የኖራ ድንጋይ አለው፤ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ያለው የታችኛው ክፍል ግን ውሃ የሚይዝ ከባድ አፈር ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ። ማሳው ከሚለው ይልቅ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት የፈረንጆች ዓመት ነው። 2003 በበጋው ከባድ ሙቀት የተነሳ አሲዱ ዝቅ ያለ፣ ፍሬው እንደ መብሰል ያለ ወይን ሰጠ። 2005 ታኒኑ፣ ማለትም አፍን የሚያደርቀው የወይኑ ንጥረ ነገር፣ ጠንካራ ስለነበር ለመላላት ብዙ ጊዜ ወሰደ። 2010 ልምድ ያላቸው ጠጪዎች ለሚዛኑ የሚያነሱት ዓመት ነው። 2018፣ 2019 እና 2020 ሞቃታማ ነበሩ፤ 2021 ደግሞ በሚያዝያ ውርጭ ተመቶ ምርቱ አነሰ፣ ቀዩም ቀለል አለ። የ2021ን ወይን የ2019ን ያህል ስላልሞላ ብቻ ነጥብ መቀነስ ተገቢ አይደለም።

ክፍሉ፣ ብርጭቆውና ሙቀቱ

ዕጣን በሚጤስበት፣ ቡና በሚቆላበት ወይም ሽንኩርት በሚቁላላበት ቤት ይህ ወይን አይቀመስም። ፒኖ ኗር መዓዛው ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይዋጣል። ሽቶም አይቀቡ።

ብርጭቆው ባለ እግር፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር የሚይዝና ጠርዙ ቀጭን ይሁን። ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ብርጭቆ የእንጨት ወይም የፎጣ ሽታ ይይዛል፤ ባዶውን ያሽትቱትና ሽታ ካለው በሙቅ ውሃ፣ ከዚያም በጥቂት ወይን ያለቅልቁት። የሚቀዳው 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በዚህ ልክ አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለ12 ሰው አንድ ዙር ይደርሳል፤ ለውጡን በሁለት ሰዓት ውስጥ መከታተል የሚፈልጉ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሆነው ይቀመጡ።

ሙቀቱ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከ18 ካለፈ አልኮሉ አፍንጫን ይመታል፣ ወይኑም የተዘረጠጠ ይመስላል። ከ12 በታች ከሆነ መዓዛው ይዘጋል፣ ታኒኑ ይጠነክራል። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር ለዱባይ ሳሎን ቀርቶ ለአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላም አይሠራም። 23 ዲግሪ ገደማ የሆነን ጠርሙስ አንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ 10 ደቂቃ መንከር ያወርደዋል። በ14 ይቅዱት፤ ብርጭቆው ውስጥ ቶሎ ይሞቃል።

አጠገብዎ ውሃ፣ ጨው ያልበዛበት ነጭ ዳቦና መትፊያ ዕቃ ይኑር። አይብ ከፍርዱ በኋላ ይምጣ፤ ቅባቱ ታኒኑን ይሸፍንና መጥፎውን ወይን ደህና ያስመስለዋል። የወይን ነጋዴዎች ይህን ያውቃሉ።

መክፈት

ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ጠርሙስ አተላ ያለው ስለሚሆን ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የአሮጌ ጠርሙስ ቡሽ ይፈረካከሳል፤ በጠመዝማዛ መክፈቻ ፈንታ ከቡሹ ጎንና ጎን የሚገቡ ሁለት ቀጭን የብረት ምላሶች ያሉት መክፈቻ የተሻለ ነው። ቡሹን ሲያወጡ ይመልከቱት። ወይኑ በአንድ ጎን እስከ ላይ ድረስ ከሠረጸ፣ ወይም ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ተገፍቶ ከቆየ፣ ጠርሙሱ በመንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ሊሆን ይችላል። በጅቡቲ ወደብ በኮንቴይነር ውስጥ ለቆመ ወይም በባሕረ ሰላጤው በጋ በመኪና ሻንጣ ለተጓዘ ወይን ይህ ጥርጣሬ ቀዳሚ ነው።

ወደ ሌላ ማንቆርቆሪያ መገልበጥ ያስፈልጋል ወይ? ወጣትና የተቋጠረ ወይን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢናፈስ ይጠቀማል። ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን ግን አይገልብጡት፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው መዓዛ በሃያ ደቂቃ ሊበተን ይችላል። በቀስታ ከጠርሙሱ ይቅዱ፤ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቁሙ።

ማየት

እዚህ ላይ ብዙ አይቆዩ። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ 45 ዲግሪ ያህል ያጋድሉና መካከሉንና ጠርዙን ያወዳድሩ። ወጣቱ ደማቅ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ እየቆየ ሲሄድ ከጠርዙ ጀምሮ የጡብ መልክ ይይዛል። የአምስት ዓመት ወይን ሙሉ በሙሉ ቡናማ ከሆነ ችግር አለ። የቀለሙ ስስነት ግን ጉድለት አይደለም፤ የፒኖ ኗር ልጣጭ የሚሰጠው ቀለም ከሌሎች ዝርያዎች ያነሰ ነው። ወይኑ ከዘለላው እንጨት ጋር ሳይነጠል ከተብላላ ደግሞ እንጨቱ ራሱ ቀለም ስለሚመጥ ይበልጥ ይገረጣል። የብርጭቆውን ግድግዳ ይዞ የሚወርደው «እንባ» የአልኮሉን መጠን ያሳይ እንደሆነ እንጂ ስለ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

ማሽተት

ከፍርዱ ትልቅ ድርሻ ያለው እዚህ ነው። በመጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅሱ ያሽትቱ፤ በጣም የሚበኑት ሽታዎችና አብዛኞቹ ጉድለቶች ቀድመው የሚመጡት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ሦስት አራት ጊዜ ያሽከርክሩና እንደገና ያሽትቱ። በአንድ ረጅም ስበት ፈንታ ሁለት ሦስት አጫጭር ይውሰዱ፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ሲደክምዎት የራስዎን እጅ ወይም ልብስ ያሽትቱና ይመለሱ።

ከፍሬው ይጀምሩ። ቀዝቃዛ ዓመት ቀይ ቼሪ፣ ራስበሪና ስትሮቤሪ ይሰጣል፤ ሞቃት ዓመት ወደ ጥቁር ቼሪና ፕለም ይሄዳል። ፍሬው ትኩስ ነው፣ የበሰለ ነው ወይስ ማርማላታ ሆኗል? ማርማላታ የሚሸት ቡርጎኝ ወይ ከመጠን በላይ በስሎ ተለቅሟል፣ ወይ ሙቀት ነክቶታል። ቀጥሎ አበባው፦ ጽጌረዳና ቫዮሌት። ከዚያ ቅመሙ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ግን ምንጩን መለየት ያስፈልጋል። በቡርጎኝ የተለመደው በርሜል 228 ሊትር የሚይዝ የኦክ እንጨት ነው፤ አዲስ ከሆነ ቫኒላ፣ የተጠበሰ ዳቦና ቅርንፉድ ይሰጣል። ከዘለላው እንጨት የሚመጣው ደግሞ ወደ ሻይ ቅጠል፣ ወደ ደረቀ ጽጌረዳና ወደ በርበሬ ተክል ቅጠል ያደላል። እንጨቱ ሳይበስል ከገባ አረንጓዴና መራራ ይሆናል። ወጣት ግራን ክሩ ላይ የበርሜል ሽታ ቢኖር ይታለፋል። ከሁለት ሰዓት በኋላም ፍሬው ከቫኒላው ሥር ካልወጣ ግን ሠሪው በርሜሉን አብዝቶታል ማለት ነው።

የሽታ ስም መደርደር ቅምሻ አይደለም። ሃያ ፍሬ የጻፈ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ጥያቄው እያንዳንዱ ሽታ ጥርት ብሎ ይለያል ወይስ ሁሉም ተቀላቅሎ «ቀይ ፍሬ» ብቻ ሆኗል የሚለው ነው። የመንደር ወይንና ግራን ክሩ ብዙውን ጊዜ የሚለያዩት በሽታው ብርታት ሳይሆን በዚህ ጥራት ነው።

በርከት ያለ ጠርሙስ ካለዎት የመንደሮቹን ጠባይ ጎን ለጎን ያስተያዩ። ዤቭሬ ጠንከር ያለና ወደ ጥቁር ፍሬ የሚያደላ፣ ሻምቦል ረቂቅና አበባ አበባ የሚል፣ ቮን-ሮማኔ ቅመማምና የተሟላ፣ ኑዊ-ሳን-ዦርዥ ቆፍጠን ያለ ነው። ፖማርና ቮልኔ ድንበርተኛ ናቸው፤ ፖማር ግን ሸክላ በበዛበት አፈሩ ታኒን ያበዛል፣ ቮልኔ ይለሰልሳል። የሠሪ እጅ ይህን ሁሉ ሊገለብጠው ስለሚችል በአንድ ጠርሙስ አይደምድሙ።

በአፍ ውስጥ

ወደ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ፣ ይጎንጩ። ምላስዎን፣ ድድዎንና ጉንጭዎን በሙሉ እንዲነካ ይጉመጥመጡት፤ ከንፈርዎን ጠበብ አድርገው ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ። ስምንት ወይም አሥር ሰከንድ ይበቃል።

አሲዱን በምራቅዎ ይወቁት። ከተፉት በኋላ ከምላስ ጎንና ጎን ምራቅ ከፈሰሰ አሲዱ ሕያው ነው። ለቡርጎኝ ይህ የጀርባ አጥንቱ ነው፤ ኮምጣጣነቱን እንደ ጥፋት የሚያዩ ሰዎች የሚያጡትም ይኸንኑ ነው። አሲዱ ብቻውን ከፍሬው ተነጥሎ የሚወጋ ከሆነ ግን ወይኑ ቀጭን ነው።

ታኒኑን በድድዎ ይወቁት። ለረጅም ጊዜ የተጣደ፣ ስኳር ያልገባበት ሻይ አፍን እንደሚያደርቀው ያለ ስሜት ነው። ብዛቱን ሳይሆን ልስላሴውን ይመዝኑ። ጥሩ ወጣት ቡርጎኝ ብዙ ታኒን ኖሮት አንዱም ላይሻክር ይችላል፤ ደካማው ትንሽ ታኒን ኖሮት ሊቧጥጥ ይችላል። ከመጠን በላይ የተጨመቀ ወይን ከፍሬው ዘር የሚወጣ ደረቅና መራራ ታኒን ይዞ መጨረሻው ላይ ይጎትታል፤ ይህን ዓመታት አያስተካክሉትም።

አልኮሉ ጉሮሮ ላይ እንደ ሙቀት ይሰማል። አብዛኛው ከ12.5 እስከ 14 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ 14 ሆኖ ሙቀቱ ካልተሰማ ሚዛኑ ተጠብቋል።

ከዚያ የአፉን መካከል ይከታተሉ። ብዙ ደካማ ወይን ጥሩ አጀማመርና ጥሩ አጨራረስ ኖሮት መካከሉ ባዶ ነው። ለዋጋው የማይገባ ቡርጎኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ይትፉና ሰከንድ ይቁጠሩ። ፈረንሳዮች አንዱን ሰከንድ «ኮዳሊ» ይሉታል። የሚቆጠረው የፍሬውና የመዓዛው ጣዕም እስኪጠፋ ድረስ ነው፤ ብቻውን የቀረ አሲድ፣ የአልኮል ሙቀት ወይም የታኒን ድርቀት አይቆጠርም። ለመንደር ወይን አምስት ስድስት ሰከንድ ደህና ነው፤ ከፕሬሚዬ ክሩ ስምንት ገደማ ይጠብቁ፤ ከአሥር ሰከንድ በታች የሚያበቃ ግራን ክሩ ስሙን አልሞላም። የቅምሻው ሁሉ አስተማማኝ መለኪያ ይህ ይመስለናል፤ በርሜልም ስኳርም ሊያስመስለው አይችልም።

ሰዓቱ የሚናገረው

እንደተከፈተ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ አዲስ ማስታወሻ ይጻፉ። በየጊዜው ከዚያው ብርጭቆ ትንሽ ይቅመሱ፤ አዲስ የተቀዳውንም ከእሱ ጋር ያወዳድሩ። ሲናፈስ የሚከፈት፣ ፍሬውም የሚበዛ ወይን ገና ዕድሜ አለው። በ20 ደቂቃ አምሮ በአንድ ሰዓት የሚወድቅ ጫፉ ላይ ደርሷል፤ ሌላ ጠርሙስ ካለዎት ቶሎ ይጠጡት። ቀሪውን ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። በማግስቱ የተሻለ የሆነ ወይን ለብዙ ዓመታት የሚቀመጥ ነው።

ከሠሩት አምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ብዙ ፕሬሚዬ ክሩና ግራን ክሩ «ይዘጋሉ»፦ የወጣትነት ፍሬው ሄዷል፣ የእርጅናው መዓዛ አልመጣም። ምልክቱ መዓዛው ጭልጭል እያለ የአፉ ክብደትና የጣዕሙ ርዝመት ሙሉ መሆኑ ነው። ርዝመቱም አብሮ ከጠፋ ግን ወይኑ አልተዘጋም፤ ባዶ ነው።

ጉድለቶችን መለየት

በጣም የሚያሳስተው የቡሽ በሽታ ነው። ከቡሹ የሚመጣ ቲሲኤ የተባለ ንጥረ ነገር እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ወይን ያደርገዋል። ችግሩ አሮጌ ቡርጎኝ በተፈጥሮው እንጉዳይና የረጠበ የጫካ ቅጠል መሽተቱ ነው፤ ጀማሪ ሁለቱን ያምታታል። መለያው አየር ነው። የእርጅናው መዓዛ ሲናፈስ ከሥሩ ጣፋጭ ፍሬና ቆዳ ይወጣል፤ የቡሽ በሽታ ሲናፈስ ይብሳል፣ ፍሬውንም ይገድለዋል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ምንም ሳይሸት ወይኑን ያደነዝዘዋል። ታዋቂ ወይን ያለ ምክንያት ድምፁ የጠፋ ከመሰለዎት ይህን ይጠርጥሩ፤ ከተቻለ ሁለተኛ ጠርሙስ ይክፈቱ። አፍንጫ ይህን ሽታ በፍጥነት ስለሚለምደው የመጀመሪያውን ስሜትዎን ይመኑ።

የተጫረ ክብሪት ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አየር ያጣ ወይን ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብርጭቆውን ደህና አድርጎ ማሽከርከር ያጠፋዋል። ካልጠፋ ጥቂቱን በሌላ ብርጭቆ ይቅዱና የታጠበ የመዳብ ሽቦ ያዙሩበት፤ ሽታው ከሄደ ምክንያቱ ድኝ ነበር። ያንን ብርጭቆ ይድፉት፤ የተሠራው ለምርመራ ነው።

የከብት በረትና የቁስል ፕላስተር ሽታ ብሬታኖማይሲስ ከሚባል እርሾ ይመጣል። በጥቂቱ ሲሆን የሚወዱት አሉ፤ የመሬቱን ጠባይ ከሸፈነው ግን ሁሉንም መንደር አንድ ስለሚያደርገው ጉድለት ነው። ኮምጣጤና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከአሴቲክ አሲድና ከዘመዶቹ ነው። ለማቆያ የሚጨመረው ድኝ በጣም ባነሰባቸው ወይኖች ላይ ሌላም አለ፦ ብርጭቆው ምንም አይሸትም፣ ከተፉት ከአሥር ሃያ ሰከንድ በኋላ ግን የአይጥ ጎጆ የሚመስል ጠረን ከአፍ ጀርባ ይመጣል። ለዚህም ነው ሁለተኛውን ከመቅመስ በፊት ትንሽ መጠበቅ የሚያስፈልገው።

ፍርዱ

ነጥብ መስጠት ከፈለጉ ከ20 ይስጡ፦ ለቀለም 1፣ ለመዓዛ 5፣ ለአፍ 8፣ ለርዝመት 4፣ በሰዓታት ውስጥ ላሳየው ለውጥ 2። ቀለም አንድ ብቻ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው። ከነጥቡ በፊት ግን ሁለት ነገር በቃል ይጻፉ። አንደኛው፣ ወይኑ ለደረጃው፣ ለመንደሩና ለዓመቱ የሚጠበቀውን ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም? ጥሩ ሠሪ ያዘጋጀው ተራ «ቡርጎኝ» ይህን አልፎ ሲሄድ፣ የሰነፍ ሠሪ ግራን ክሩ ሲያንስ ያያሉ። ሁለተኛው፣ መቼ ይጠጣ? በግርድፉ የአካባቢው ወይን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት፣ የመንደሩ ከአምስት እስከ አሥር፣ ፕሬሚዬ ክሩ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት፣ ግራን ክሩ ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲያ ነው፤ እንደ 2005 ያለ ዓመት ሲሆን ያራዝሙት፣ እንደ 2021 ሲሆን ያሳጥሩት።

ማስታወሻው ላይ የቀዱበትን ሙቀት፣ የከፈቱበትን ሰዓትና የብርጭቆውን ዓይነት ይጨምሩ። ከአንድ ወይን ስድስት ጠርሙስ ካለዎትና የመጀመሪያው ከተዘጋ፣ ቀጣዩን ሦስት ዓመት አቆይተው በዚያው ሙቀትና በዚያው ብርጭቆ ይክፈቱት።